የቨርና ሁለት ዜሮዎች

ቨርና ኪስትለር በሃያ ስድስት ዓመት የላቦራቶሪ ኑሮዋ ስንት ጊዜ እንደፈረመች እሷም አታውቀውም። የት እንደፈረመች ግን አሳምራ ታውቃለች። ከታች ነው። አለንታውን ከተማ አጠገብ ኮረብታው ላይ ባለው ላቦራቶሪ ሰው ሁሉ የዕለት ሥራውን ገጾቹ ቁጥር በተሰጣቸው ደብተር ላይ በቀለም ይጽፋል። ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመሮች አሉ። የላይኛው ለሠራው ሰው ነው። የታችኛው "አንብቤ ተረድቻለሁ" ይላል፤ እሱ የምስክር ቦታ ነው። ቨርና ምስክር ነበረች። የዶክተሮቹን፣ የኢንጂነሮቹን፣ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው መበየጃውን በየት በኩል እንደሚይዙት ግራ የሚገባቸውን ሁሉ ሥራ አንብባ ተረድታለች። አንዳንዴም ከጻፉት ሰዎች አብልጣ ተረድታለች። ይህን እነሱም ያውቁታል፤ አፍ አውጥተው አይናገሩትም እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደይ ወራት ግን ቨርና ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ደብተር ነበራት። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከኮረብታው በታች ባለው ፋብሪካ ትራንዚስተር ስትገጥም ጀምራ፣ ዲግሪ የሚባል ነገር ሳትይዝ፣ በእጇና በግትርነቷ እዚህ ደርሳለች። በነሐሴ ጡረታ ትወጣለች። የደብተሩ ጉዳይ ከነሐሴ በፊት ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዝ ዳታ የአንድና የዜሮ ሰልፍ ነው፤ በሰከንድ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ያልፋል። ተቀባዩ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ካላወቀ ሁሉም ነገር ትርጉም የለሽ ጫጫታ ይሆንበታል። የላኪው ሰዓት ደግሞ አብሮ አይመጣም፤ የሚመጣው ዳታው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ተቀባዩ ጎን አንዲት ክሪስታል ያስቀምጥ ነበር፤ ግምቱን የምታቀብል፣ ፍጥነቱ በግምት ይህን ያህል ነው የምትል። ቨርና ክሪስታሏን አልፈልግም አለች። የተቀባዩ ቺፕ ምቱን ከራሱ ከዳታው ውስጥ ፈልጎ ያግኝ።

ሐሳቡ የመጣላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ቨርና እሑድ እሑድ አርፍዳ ስለምትደርስ መዝሙሩ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይጠብቃታል። አርፋጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይዘምርም፤ መጀመሪያ ያዳምጣል። የረዘሙት ድምፆች ምንም አይነግሩትም። አጭሩን ድምፅ ካገኘ ግን ምቱ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ እጥፍ ነው። ይህንኑ ከሁለት ዓመት በፊት በምሳ ሰልፍ ላይ ለዴል ሻንትዝ ነገረችው። ዴል የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በመጀመሪያ ሳምንቱ ብየዳ ያስተማረችው እሷ ናት።

"ዜሮና አንዱ ሲለዋወጡ ከለውጥ እስከ ለውጥ ያለውን አጭሩን ርቀት ይፈልግ" አለችው ሳህኗን እንደያዘች። "እሱን ካገኘ ፍጥነቱን አገኘ። ማንም ሹክ ሊለው አይገባም።"

ዴል ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ቆሞ ቀረ። "ጻፊው" አለ በመጨረሻ።

"የማን ደብተር ላይ?"

"የራስሽ ላይ ነዋ! ሂጂና አንድ ደብተር ፈርመሽ ውሰጂ።"

ሁለት ዓመት ፈጀ። ሦስት ጊዜ ሠርተው ሦስት ጊዜ ጣሉት። አራተኛው ቺፕ የጥፍር ግማሽ የማታክል ነገር ሆኖ መጣ። አሁን የቀረው አንድ ፈተና ነበር። ከሞንትሪያል ሶላንዥ ፔልሻ የምትባል ኢንጂነር ትመጣለች፤ መሥሪያ ቤቷ ቺፑን ሊገዛ ያስባል። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ሰባ ሁለት ሰዓት ያለ ክሪስታል፣ ያለ አንዲት ስህተት። ከሞላ ቺፑ ይመረታል፣ የፈጠራ ባለቤትነቱም በቨርና ስም ይመዘገባል። ካልሞላ ክሪስታል ያለው ቺፕ መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የቨርና ደብተር ደግሞ ከሞቱ ሐሳቦች ጋር ምድር ቤት ይወርዳል።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጀመሩ። ማክሰኞ የስህተት ቆጣሪው ዜሮ ነበር። ረቡዕ ዜሮ። ቨርና በየቀኑ ደብተሯ ላይ ክብ ዜሮ ጻፈች፤ ከሥሯም ስሟን በላይኛው መስመር ፈረመች። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሞላ ቆጣሪው አሁንም ዜሮ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ያላት ሰው የለም። ከኮረብታው ሥር ባለው ሸለቆ ያደገ ሰው ምስጋና ከአፉ አይወጣም፤ ትልቁ ውዳሴ "ክፉ አይደለም" ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ግን ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ የሞላሰስ ፓይ፣ የሸለቆውን ጣፋጭ ኬክ፣ አገኘች። ፓዩን አይታ ልቧ ሙሉ ሆነ።

ሶላንዥ ፔልሻ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ከኋላዋ ጎማ ያለው ሻንጣ ትጎትታለች።

"ሚስ ኪስትለር እርስዎ ነዎት?" አለች የቨርናን እጅ አጥብቃ ይዛ። "ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ።"

"ዴል ከሆነ የነገረዎት ግማሹን ይቀንሱለት" አለች ቨርና። "ይኸው ቆጣሪው። ሰባ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ፤ ዜሮ።"

"ቆንጆ ነው። በጣም ቆንጆ ነው።" ሶላንዥ ሻንጣዋን ከፈተች። "ካላስቸገርኩ የራሴን ዳታ ላስገባ? ዳታ የሚልከውን ሳጥን ይዤ መጥቻለሁ። የናንተን አላመንኩም ማለቴ አይደለም፤ አለቃዬ ግን ማንንም አያምንም።"

"ያስገቡ እንጂ!" አለ ዴል ደረቱን ነፍቶ። "የፈለጉትን ያስገቡ።"

ሶላንዥ የላቦራቶሪውን የዳታ ሳጥን ነቅላ የራሷን ሰካች። ቺፑ ምቱን ሲይዝ የምትበራው አረንጓዴ መብራት በራች፣ ጠፋች፣ በራች። ቆጣሪው መቶ አለ። ሺህ አለ። ከዚያ ቁጥሮቹ በዓይን የማይያዙ ሆኑ።

ቨርና ክው ብላ ቀረች። ዴል አንገቱ ድረስ ቀላ። ሶላንዥ ብቻ ሳትደነግጥ ገመዶቿን መልሳ አጥብቃ አየች፤ ምንም ለውጥ የለም።

"ምሳ እንብላ" አለ ዴል፤ ገና አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር። "ፓይ አለን። የኛን አገር ፓይ ቀምሰው ያውቃሉ?"

"ሂዱ" አለች ቨርና። "እኔ አልራበኝም።"

ብቻዋን ስትቀር መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቺፑን መሳደብ ነው፤ የጥንት ሰፋሪዎች ይዘውት በመጡት፣ አያቶቿ በሚናገሩት የሸለቆው ጀርመንኛ፣ ከእርሻ ቤት ውጭ በማይነገር ስድብ። ከዚያ ስህተቶቹን ስክሪን ላይ አወጣቻቸው። አየቻቸውና ስድቧን አቆመች።

ስህተቶቹ እኩል ተራርቀው ተሰልፈዋል፤ እንደ አጥር እንጨት። የተበላሸ ቺፕ እንዲህ አይሳሳትም፤ እንደ ሰካራም እዚህም እዚያም ነው የሚረግጠው። ቨርና የሶላንዥን ሳጥን ፍጥነት በጣቷ ጫፍ ትንሽ ጨመረች። ስህተቶቹ ተቀራረቡ። መለሰችው፤ ተራራቁ። ትራፊክ መብራት ላይ ቆማ የመኪናዋ ፍሬቻ ፊት ካለው መኪና ፍሬቻ ጋር ሲገጥምና ሲለያይ ስንት ጊዜ አይታለች! ይህ ያው ነው። ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንዱ ዳታው ውስጥ ያለው የሶላንዥ ሰዓት ነው። ሌላው እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ነው፤ በቺፑ ጆሮ ደግሞ የተሳሳተ ምት እየነገረው ነው።

ግን የቱ ሰዓት? ክሪስታል የለም። ራሷ ነቅላ ጥላታለች።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፊት ለፊቷ ነበር። ቢጫ ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ደምቆ ይነበባል። "የቤቱ ሰዓት ሳይታሰር ማንም ምንም አያብራ። ቨ.ኪ." የቤቱ ሰዓት ምድር ቤት ያለ አንድ ትልቅ ሰዓት ነው፤ ሰማያዊ ፕላስተር ያላቸው ገመዶች ከእሱ ወደየጠረጴዛው ይወጣሉ፤ መሣሪያ ሁሉ በአንድ ምት እንዲሄድ ከእሱ ጋር ይታሰራል። ደንቡን ያወጣችው ቨርና ናት። ሳያስር የሚያበራ ሰው ካገኘች አታሳልፈውም፤ ዴል ራሱ አንዴ እንባው እስኪመጣ ተነግሮታል።

እጇን ቺፑ ከተቀመጠበት ቦርድ ሥር ሰደደች። ቦርዱ የድሮው ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብለው አዲሱን ቺፕ እሱ ላይ ገጥመውታል። የድሮዋ ክሪስታል በነበረችበት ጥግ ትንሽ ሶኬት አለች፤ ለአዲሱ ቺፕ የማታስፈልግ። ጣቶቿ ሶኬቷ ላይ ፕላስተር ነኩ። ጎንበስ ብላ አየች። ሰማያዊ ነው።

ሰኞ ጠዋት እጇ አስሮታል። አእምሮዋን አላማከረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስር የኖረ እጅ፣ ሶኬት አየ፣ አሰረ፣ አለቀ። ከሶኬቷ የሾለከው ምት ደግሞ ለቺፑ ሦስት ቀን ሙሉ መልሱን ሲያቀብለው ከረመ፤ የላቦራቶሪው ዳታም ከዚያው ሰዓት ጋር የታሰረ ስለሆነ መልሱ ልክ ነበር። የሶላንዥ ሳጥን ሲመጣ መልሱ ሌላ ሆነ። የቦርዱ ሥዕል ላይ ሶኬቷ ከቺፑ ጋር አትገናኝም፤ ግን በዚህ ፍጥነት ምት ሽቦ ሳይገናኝም ይሾልካል፤ የሥዕል ወሬ አይሠራም።

ቨርና ገመዱን ፈታችው። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

ቺፑ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቀረ። አንድ ሰከንድ። ሁለት። ቨርና ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ካላገኘው ሁለቱ ዓመት ከንቱ ነው፤ በምሳ ሰልፍ ላይ የተናገረችውም የአሮጊት ቅዠት ነው። ሦስት። "አጭሩን" አለችው ጮክ ብላ፤ "አጭሩን ፈልግ አንተ ግትር!" መብራቷ ቦግ አለች። ቆጣሪውን ዜሮ ላይ መለሰችው። ዜሮ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት፤ ንቅንቅ አላለም። የሶላንዥን ፍጥነት ጨመረች፤ ቺፑ ተከተለ። ቀነሰች፤ ተከተለ። ቨርና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ቀጥሎ ደብተሯ ላይ ያሉት ሦስት ዜሮዎች ትዝ አሏትና ሳቋ ቆመ።

ዴል ከምሳ ሲመለስ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችው፤ ሶላንዥ ስልክ ልትደውል ቀርታለች። ሁሉንም ነገረችው።

"እና አሁን ይሠራል?" አለ ዴል።

"እንደ ሰዓት።"

"ተመስገን! በቃ፣ ገመድ ላልቶ ነበር እንላለን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ ቨርና፣ ቺፑ እውነት ነው። አንቺም ታውቂያለሽ። ሰባ ሁለት ሰዓቱን ከሰረዝሽባት ይዛው የምትሄደው ነገር የላትም። ነገ ኮሚቴያቸው ይቀመጣል፤ አንቺ በነሐሴ ትሄጃለሽ። ደብተሩን ማን ያየዋል?"

"እኔ አየዋለሁ።"

"ቨርና..."

"ዝም በል አንተ! ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ገጽ ላይ አንብቤ ተረድቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። የራሴን ሳነብ አልገባኝም ልበል? ማንም ሹክ ሊለው አይገባም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቀን ሹክ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ያን ጊዜ የሶላንዥ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ።

ቨርና ልክ እንደ ሥራ ጉዳይ፣ ሳትለማመጥ፣ ቆማ ነገረቻት። ገመዱን አሳየቻት። ሰኞ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሰባ ሁለቱ ሰዓት አይቆጠርም፤ አሁን ያለው ግን የራሱ ነው፣ ይዩት አለች። ሶላንዥ መነጽሯን አድርጋ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው። ቀጥላ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

"ቨ.ኪ. ማን ናቸው?"

"እኔ ነኛ" አለች ቨርና።

ሶላንዥ በሳቅ ፈነዳች፤ እስክትሳል ድረስ ሳቀች። "ይቅርታ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥም ይህች ወረቀት አለች። የጻፍኳት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቆጣሪውን ታየው ጀመር። ዜሮው እንዳልተነቃነቀ ስታይ ወደ ዴል ዞረች። "ሆቴሌን እስከ እሑድ ሊያራዝሙልኝ ይችላሉ? ኮሚቴውን ሰኞ ይቀመጡ እላቸዋለሁ። እኔ የመጣሁት ሰባ ሁለት ሰዓት ለማየት ነው።"

ቦርዱን በብረት ሣጥን ከደኑት። የቤቱን ሰዓት ገመዶች በሙሉ ከጠረጴዛው ነቀሉ። ሶላንዥ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ፈረመችበት። ቆጣሪው እንደገና ሲጀምር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ዓርብ አለፈ፤ ወሬው ኮረብታውን ሙሉ አዳርሶታል፤ ማንም ግን አላነሳባትም። ሰዎች ብቻ በሰበብ በአስባቡ በዚያ በኩል እያለፉ በበሩ መስታወት ቆጣሪውን ያያሉ፤ አንዱ ጠረጴዛዋ ላይ ፕሬትዝል የሚባል የተጠማዘዘ ጨዋማ ዳቦ ትቶላት ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጣ። ቨርና ቤቷ ሰሃን ስታጥብ የወጥ ቤቷ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ደውላ ምን ልታደርግ ነው? ከእንግዲህ ማንም አይረዳውም፤ እሷም ጭምር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በሰዓቷ ደረሰች። የመዘምራኑ መሪ መታመሟ ይሆን ብላ አየቻት። ቨርና መዝሙሩን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ዘመረች፤ ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ልብሷ፣ ባርኔጣዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ መኪናዋን ወደ ኮረብታው ነዳች።

ዴል በር ላይ ቆሟል። ሶላንዥ ውስጥ ናት። የመጨረሻውን ቁጥር ማንም ቀድሞ እንዳያይ ጠዋት ላይ ቆጣሪውን በጨርቅ ሸፍናዋለች፤ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ሰባት ሰዓት ከአርባ ሲሆን "ሚስ ኪስትለር" አለች፣ "እርስዎ ያንሱት።"

ቨርና ጨርቁን አነሳች። ዜሮ ነበር።

ሶላንዥ እንደ ሞንትሪያል ሰው ጮኸች፤ ቨርናንም ሁለት ጉንጯን ሳመቻት። ቨርና መሳም አልለመደችም፤ ባርኔጣዋ ተንጋደደ። ኩራቱ ግን ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ወጣባት፤ ልትደብቀው አልሞከረችም፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ የራሷን ሥራ ቁልቁል አየችው። ማንም ሳይነግረው፣ ማንም ሳያቀብለው፣ ሰባ ሁለት ሰዓት።

ከዚያ ደብተሯን አወጣች። ወደ ማክሰኞው፣ ረቡዑና ሐሙሱ ገጾች መለሰችው። እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ የተጻፈ አይፋቅም፤ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ ሥሩ ያለው እንዲነበብ። ቨርና በሦስቱ ዜሮዎች ላይ መስመር አሰመረች። ጎናቸውም ጻፈች፤ "የቤቱ ሰዓት ገመድ ታስሮ ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ።" አዲስ ገጽ ገለጠች። ሰዓቱን፣ የሣጥኑን ፊርማ፣ የሶላንዥን ስም ጻፈች። በመጨረሻ ዜሮ። ስትታይ ያው ዜሮ ናት፤ እንደ ተሰረዙት ክብ ናት። በላይኛው መስመር ስሟን በሙሉ ፈረመችና እስክሪብቶውን ለዴል ሰጠችው።

ዴል ወዲያው አልፈረመም። ሳያነቡ መፈረም ነውር እንደሆነ ያስተማረችው ራሷ ናት። ቁጭ ብሎ የተሰረዘውንም ያልተሰረዘውንም ገጽ በገጽ፣ ቃል በቃል አነበበ። ከዚያ በታችኛው መስመር፣ ሃያ ስድስት ዓመት የእሷ በነበረው ቦታ፣ ስሙን ጻፈ።

"እህስ?" አለች ቨርና።

"ክፉ አይደለም" አለ ዴል፤ ድምፁ ግን ተሰበረበት።

ቨርና ስሟን ከላይ፣ ስሙን ከታች አየች። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ደብተሩን አልዘጋችውም።